ጆሮው ላይ አበባ ያለው መስኮት

እኔ ሳላኒዬታ፣ ሱቫ ወደብ ዋሉ ቤይ ላይ፣ ወደ ካንዳቩ ደሴት ለምትሄደው መርከብ ጭነትና ተሳፋሪ የምመዘግብ ሴት ነኝ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ሦስት አሳማ አምጥቶ «በአንድ ገመድ ነው የታሰሩት፣ እንደ አንድ ቁጠሪያቸው» ከሚል ገበሬ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርኩ ሰው ለስላሳ ምላስ ከየት አመጣለሁ? ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥዬ የማወራውን ስትሰሙ ጥፋቱ የምላሷ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። ጥፋቱ የመስኮቱ ነው።

መስኮት ስል የቤቱን አይደለም፤ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈቱትን ሳጥኖች ማለቴ ነው። እኔ ስክሪን ላይ ሁልጊዜ አምስት ስድስት መስኮት ክፍት ነው። አንዱ የጭነት መመዝገቢያው ነው። አንዱ መርከቧ ላይ ትኬት ከሚቆጣጠረው ሰው ጋር የምጻጻፍበት ነው። የቀሩት ከየመንደሩ ሹሞች መልእክት የሚመጣባቸው ናቸው። ድሮ ምንም ችግር አልነበረም። የምጽፍበት መስኮት አናቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለው፣ ሌሎቹ ግራጫ ሆነው ከኋላ አርፈው ይቀመጣሉ። ስልክ እያወራሁም፣ ካሳቫ እያኘክሁም፣ ወረፋ የሚጋፋውን ሰው እየገላመጥኩም ቢሆን የት እየጻፍኩ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። መስኮቱ ሁሉ ነጭ፣ አናቱም ነጭ፣ ጠርዙም ነጭ። የትኛው እየሰማኝ እንደሆነ፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደተጎለተ መለየት አልቻልኩም። ዲሬንድራን ጠራሁት። ዲሬንድራ የቢሯችን የኮምፒውተር ሰው ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱ የጋገረችውን ሮቲ የሚሉትን ቂጣ ከነማባያው ያመጣልኛል፣ እኔ ደግሞ ጎደሬ እሰጠዋለሁ። አዲሱን መልክ መርጦ ያስገባው እሱ ራሱ ነበርና ኮራ ብሎ አየው።

«ዘመኑ ያመጣው ነው እትዬ ሳላ። ንጹሕ ነው፣ ዓይን አያደክምም። ይለምዱታል።»

እኔም ንጹሕስ የሆስፒታል ግድግዳም ንጹሕ ነው አልኩና ተውኩት። በስንቱ ልጣላ? ለሠርግ እየተዘጋጀሁ ነበር።

ሠርጉ የልጄ የኡናይሲ ነው። አባቷ ካረፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ የሙሽሪት ወገን ሆኖ ከፊት የሚቆመው ወንድሜ አፒሳሎሜ ነው። በኛ ዘንድ የእናት ወንድም የሌለበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ለስጦታ የሚነጠፈውን ሰሌን የሚያመጣው እሱ፣ የሚናገረው እሱ፣ የሙሽራውን ወገን ስጦታ የሚቀበለው እሱ ነው። እሱ ካልመጣ እንግዳው ሁሉ አጎቷ የት አለ፣ ምን አስቀየሙት እያለ ሲንሾካሾክ ይውላል፣ ልጅቷም እስክታረጅ ስትሰማው ትኖራለች።

አፒሳሎሜ ካንዳቩ፣ እኛ መንደር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ የመንደሩ ሹም ነው። እኔና እሱ ከልጅነታችን ወዲህ ፊት ለፊት ተነጋግረን አናውቅም። ጠብ እንዳይመስላችሁ፤ በኛ ወግ ወንድምና እህት እንዲህ ናቸው። ጡት ካወጣሁበት ቀን ጀምሮ እሱ ካለበት ቤት እኔ ቀስ ብዬ እወጣለሁ፣ እኔ ካለሁበት እሱ ዓይኑን ወደ ባሕሩ ያዞራል። የሚነገር ነገር ካለ በሚስቱ በሎሳና በኩል ይደርሳል። እህት ወንድሟ ፊት ስለ ገላ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ቀልድ አታነሳም፤ እሱም እንደዚያው። እናታችን እንዲህ ነው ያሳደገችን፣ እኔም ልጆቼን እንዲህ ነው ያሳደግኩት።

ሹም ከሆነ በኋላ ግን አንድ ነገር መጣ። ጭነት ሲኖር ለመርከቡ ቢሮ መጻፍ የሹሙ ሥራ ነው፣ መልስ መስጠት ደግሞ የቢሮው ሥራ ነው። ቢሮው እኔ ነኝ። እሱም ያውቃል፣ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። «ለቢሮው፦ ሁለት በርሜል ናፍጣ እንጠይቃለን» ብሎ ይጽፋል። «ለመንደሩ ሹም፦ በሐሙሱ መርከብ ይላካል» ብዬ እመልሳለሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ፣ ከመንደሩ ወሬ ጠፍቶ እኔ ወንበሬ ላይ ስቁነጠነጥ፣ «ለቢሮው፦ ጣሪያ ሄዷል፣ ሰው ደህና ነው፣ ቢሮው እንዳያስብ» የሚል መጣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቢሮው ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ አለቀሰ።

አሁን ደግሞ ቪሊሞኒን ላስተዋውቃችሁ። የእናቴ ወንድም ልጅ ነው፣ እኛ ታቫሌ የምንለው። መርከቧ ላይ ትኬት የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ከወንድም ጋር የተከለከለው ሁሉ ከታቫሌ ጋር ይፈቀዳል፤ ይፈቀዳል ብቻ ሳይሆን፣ ታቫሌህን ሳትሰድበው ከዋልክ ታመሃል ወይ ተብለህ ትጠየቃለህ። ቪሊሞኒ ትልቅ ቦርጭ አለው፣ ትልቅ አፍ አለው፣ እኔን ሲያበሽቅ የሚውል ሰው ነው። አምና ዘመድ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ሽርጡ ተፈትቶ ወርዶበታል። ካህኑም፣ የካህኑ ሚስትም አይተዋል። እኔ ይሄን ጉዳይ እስክሞት አልተወውም።

እንግዲህ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ላይ እንዲህ ሆነ። ወንድሜ ጽፏል፦ የሐሙሱ መርከብ ለስንት ሰዓት እንደሆነ ቢሮው ያሳውቅ፣ ሰው ተሰብስቦ እየጠበቀ ነው ይላል። በዚያው ቅጽበት ቪሊሞኒ ከመርከቧ ጻፈልኝ፦ ለኡናይሲ ሠርግ አዲስ የጭፈራ ስልት እየተለማመድኩ ነው፣ የሙሽራው ዘመዶች ልባቸውን ያዘጋጁ ይላል። እኔ ደግሞ በግራ ጆሮዬ ስልክ ይዣለሁ፣ ፊት ለፊቴ አንዷ ሴትዮ ዶሮ በቅርጫት ይዛ ቆማለች። ከሁሉ በፊት ለቪሊሞኒ ልመልስ አልኩና ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ሮጠ፦

«አንተ ቦርጫም፣ ሠርጉ ላይ ከመጣህ ሽርጥህን ጠበቅ አድርገህ እሰራት። አምና ያሳየኸንን ዕቃ አገር ምድሩ እስካሁን ያወራዋል፣ ሁለተኛ የሚያይበት ዓይን የለንም።»

ላክሁ። ለብቻዬ ሳቅሁ። ዶሮዋን ተቀበልኩ፣ ስልኩን ዘጋሁ፣ ከዚያ ስክሪኑን አየሁ። ጽሑፉ ያለው አፒሳሎሜ መስኮት ውስጥ ነው። ከላዩ የወንድሜ ጥያቄ፣ ከሥሩ የኔ መልስ፣ ከመልሱ አጠገብ «ደርሷል» የሚል ቃል።

ክው አልኩ። ሴትዮዋ እንኳ ዶሮዋን ልትመልስ እጇን ዘረጋች። ላጠፋው ሞከርኩ፣ አልጠፋም። ኮምፒውተሩን ከነሶኬቱ ነቀልኩት፤ እሱም ምን ሊረባ፣ መልእክቱ እንደሆነ ባሕሩን ተሻግሯል። የባሰው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ወንድሜም ቦርጭ አለው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መንደሩ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ የትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ የመንደሩ ስብሰባ ነው። ሽማግሌዎቹ ያንጎና የሚሉትን የሥር መጠጣቸውን በትልቁ የእንጨት ገበቴ በጥብጠው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ የቢሮውን መልስ መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላቸዋል። መምህሩ ከሌላ ደሴት የመጣ ሰው ነው፤ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ እሁድ እሁድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነበውም እሱ ነው። ማታ ላይ ሎሳና ኮረብታው ላይ ወጥታ ደወለችልኝ፣ ከዚያ በታች ስልክ አይሠራም። መምህሩ «ከቢሮው የመጣ መልስ» ብሎ እንደጀመረ፣ ምን እያነበበ እንደሆነ ሳይገባው እስከ «ዓይን የለንም» ድረስ በዚያ በእሁድ ድምፁ እንደዘለቀው ነገረችኝ።

«ሳቁ?» አልኳት።

«አንድም ሰው አልሳቀም።»

እሱን ስትለኝ ነው ወሽመጤ የተቆረጠው። ቢስቁ ቀልድ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ቢሮው ማን እንደሆነ ግን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እህት ለወንድሟ እንዲህ ስትል የሰማ ሽማግሌ ምን ብሎ ይስቃል? ሁሉም ጽዋ ጽዋውን አየ። አፒሳሎሜ ተነሳ አለችኝ፣ ሸሚዙን አስተካከለ፣ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፣ መረቡ ግን አዲስ ነው። ስለ ሠርጉ ስትጠይቀው አይመልስላትም።

ረቡዕም ቢሮው ምንም አልመጣለትም። ሐሙስም። ሌሎች ሹሞች ሁሉ ይጽፋሉ፣ የወንድሜ መስኮት ድርቅ ብሎ ቁጭ ብሏል። ነገሩ ተሰምቶ ኖሮ ኡናይሲ እያለቀሰች ቢሮ ድረስ መጣች።

«እማዬ፣ አጎቴ ካልመጣ ሠርጉ ይቅር» አለችኝ።

ይመጣል አልኳት፤ አፌ እንጂ ሆዴ አላለም። ልጄ ከወጣች በኋላ ቁጣዬ መጣ። ቁጣዬ ሲመጣ ደግሞ የሚሄድበትን ያውቃል፤ በቀጥታ ወደ ዲሬንድራ ጠረጴዛ ነው የሄደው። ክንዱን ይዤ አምጥቼ ወንበሬ ላይ አስቀመጥኩት።

«ከነዚህ ሁሉ አሁን የሚሰማህ የትኛው ነው?»

ጎንበስ ብሎ አየ። የሚሠራው መስኮት ከጠርዙ ሥር ጥላው ትንሽ ጠቆር ይላል ብሎ አስረዳኝ። ጥላ! እኔ መነጽር አድርጌ የአሳማና የፍየል ልዩነት የምጠይቅ ሴት፣ ጥላ ልፈልግ ነው? በል ጻፍበት አልኩት። በጣቱ አንዱን መስኮት አሳየኝ፣ ይሄ ነው አለ፣ ጻፈ። ፊደሉ ብቅ ያለው ሌላው መስኮት ውስጥ ነው። ዲሬንድራ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ጆሮው ቀላ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ፣ የመምህሩን የእሁድ ድምፅ ሳይቀር ነገርኩት። እናት ያለው፣ እህት ያለው ልጅ ነው፤ ሮቲውን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ምን ላድርግልዎ እትዬ ሳላ? ቀለም ይሁን? የትኛው ቀለም?»

«ሰው መያዙን በምን ታውቃለህ?»

ግራ ገብቶት ጆሮውን ነካ። ልክ ነው። እዚህ አገር ሰው በትዳር ወይ በፍቅር መያዙ የሚታወቀው በየትኛው ጆሮው ላይ አበባ እንደሰካ ታይቶ ነው፤ ጠይቆ መዋረድ አያስፈልግም።

«እንግዲያው የያዝኩት መስኮት አበባ ይሰካ» አልኩት። «ያልያዝኩት አይሰካ። ከሩቅ ላየው እፈልጋለሁ፣ ስልክ እያወራሁ።»

መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ማሰብ ጀመረ። ምሳውን ትቶ ከሰዓቱን ሁሉ ሲታገል ዋለ። እኔ እየሄድኩ አየዋለሁ፣ አይሆንም እለዋለሁ፣ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አበባዋን በጣም ትንሽ አደረጋት፤ ዝንብ መሰለችኝ። ቀጥሎ ሌሎቹን መስኮቶች እንዳሉ ነጭ አድርጎ ተዋቸው፤ እነሱም ገርጣ ይበሉ፣ ያልተጠራ ሰው ከኋላ ይቀመጥ አልኩት። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ሆነ። የምጽፍበት መስኮት አናቱ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር፣ ከቀኝ ጥጉ ላይ ሙሉ ቀይ አበባ አለው። የቀሩት በአጎበር ውስጥ እንዳሉ ደብዘዝ ብለዋል። አንዱን ስነካ አበባው ከዚያኛው ተነስቶ ወደዚህኛው ይመጣል። ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት፣ ታየኝ። ከደረጃው ላይ ሆኜ አየሁት፣ እሱም ታየኝ። የቢሮው ሰው ሁሉ ለኔም ለኔም እያለ ዲሬንድራን ከበበው፤ ለካ ሁሉም የየራሱ ጉድ ነበረበት፣ አንዱማ ለሚስቱ የጻፈውን የፍቅር ቃል ለጉምሩክ ልኮታል።

ደስ አለኝ፣ ግን ደስታዬ እዚህ ድረስ ብቻ ነው። ለሚመጣው ተጠነቀቅን፤ የሄደውን ማን ይመልሰው? ይቅርታ እንደሆነ እኔ በአፌ ልጠይቅ አልችልም። በኛ ወግ ይቅርታ በሰው በኩል፣ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ተይዞ ነው የሚሄደው። እናቴ የተወችልኝ አንድ ጥርስ አለ፤ ገመዱ ያረጀ፣ ከብዙ እጅ መነካካት ቢጫ የሆነ። አውጥቼ በጨርቅ ጠቀለልኩት። የሚሄደው ደግሞ ቪሊሞኒ ነው፤ ሌላ ማን አለኝ? ለወንድሜም ታቫሌው ነው፣ ሊናገረው ይችላል።

መርከቧ ማታ ከመነሳቷ በፊት ወደቡ ላይ አግኝቼ ሰጠሁት። ሳቁን ጠበቅሁ። ቪሊሞኒ ግን ጨርቁን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ጎንበስም አለ። ይሄን ሰውዬ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ እንባዬ መጣ።

«ስድቡ የኔ ነበር» አለኝ። «ያ ሰውዬ የኔን ድርሻ ወስዶ ነው የተቀመጠው። ሄጄ አስመልሳለሁ።»

መርከቧ ደርሳ እስክትመለስ የበላሁት አልተዋጠልኝም። ሰሌን ከየት እንደምበደር፣ ማን ቆሞ እንደሚናገር ሳሰላ ነው የከረምኩት። ያክስቴን ልጅ ልለምን? እሱ ሲናገር ይንተባተባል። ቪሊሞኒ ሲመለስ ከመርከቧ መወጣጫ ሳይወርድ ጮክ ብዬ ጠየቅሁት። እንደነገረኝ መንደሩ ደረሰ፣ በወጉ ተቀመጠ፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት የዓሣ ነባሪውን ጥርስ አቀረበ። አፒሳሎሜ ተቀበለ፣ ረጅም ጊዜ እጁ ላይ ይዞት ቆየ፣ የእናታችን የነበረው መሆኑን አወቀ። ከዚያ አልቋል፣ ተቀብሬዋለሁ አለ።

«ስለ ሠርጉስ?»

«ስለ ሠርጉ ቃል አልተነፈሰም» አለኝ ቪሊሞኒ። «ስለ ጎደሬው አወራኝ። ዘንድሮ ጎደሬው ጥሩ ነው አለኝ።»

ተቀብሬዋለሁ ማለትና እመጣለሁ ማለት አንድ አይደሉም። ይቅር ያለ ሰውም ያፍራል። ሱቫ ድረስ መጥቶ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ እያየው፣ እኔ ባለሁበት አዳራሽ መቀመጥ ሊከብደው ይችላል፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይከብደኝ ነበር። ቢሮዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። የወንድሜ መስኮት ከአጎበሩ ውስጥ ደብዝዞ ተኝቷል። ልነካው እጄን ሰደድኩና መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት የአሳማ ነጋዴ እያጨቃጨቀኝ ሳለ አንድ ነገር ብቅ አለ። የወንድሜ መስኮት ነው። ነጋዴውን ዝም በል አልኩት፤ ዝም አለ፣ ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ።

«ለቢሮው፦ በሠርጉ ሳምንት በምትነሳው መርከብ ቦታ እንጠይቃለን። ሰሌን ብዙ፣ ጎደሬ ብዙ፣ አሳማ የታሰረ፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ። ምክንያት፦ የልጃችን ሠርግ።»

ልጃችን ነው ያለው። ሦስቴ አነበብኩት። ቢሮው በዚያን ቀን ሽንት ቤት መግባት አላስፈለገውም፣ እዚያው ሰው ፊት አለቀሰ፤ ነጋዴውም ደንግጦ አሳማዎቹ ሦስት መሆናቸውን በገዛ አፉ አመነ። መልስ ልጽፍ ወንበሬን ሳብኩ። መስኮቱን ነካሁ፣ ቀዩ መስመር መጣ፣ አበባው ከጥጉ ላይ ፈካ። የዲሬንድራን ስም ጠርቼ፣ ና እይልኝ፣ እዚህ ነው አይደል አልኩት። መጣና አየልኝ። እዚህ ነው እትዬ ሳላ አለኝ። በአንድ ጣቴ፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩ፦

«ለመንደሩ ሹም፦ ቦታ አለ። ባይኖርም ይኖራል።»

ሠርጉ ሆነ። አፒሳሎሜ ከመርከብ ሲወርድ ከኋላው ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሰሌን ተሸክሞ ሲመጣ ኡናይሲ ሮጣ ተጠመጠመችበት። እኔ በወጉ ከመጋዘኑ ጀርባ ሆኜ አየሁ። አዳራሹ ውስጥ ከፊት ተቀመጠ፣ ተናገረ፣ ስጦታውን ተቀበለ፤ ድምፁ የአባታችን ድምፅ ነበር። አንድም ጊዜ ወደኔ አልዞረም፣ እኔም ቀና አላልኩም። የመንደሩ ሰዎች ግን ሁሉም ጥርሳቸውን ነክሰው የተቀመጡ መሰሉኝ። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ያፈኑት ነገር ሆዳቸው ውስጥ አለ፣ ሹሙ እስካልፈቀደ ድረስ ማን ያውጣው?

ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ የበሰለው አሳማ ተበልቶ ጭፈራው ሲጀመር ቪሊሞኒ መሐል ገባ፣ አዲሱን ስልቱን አሳየን፣ ከአሮጌው አይለይም። ታቫሌውን ሊያስነሳ ወንድሜ ፊት ሄዶ እጁን ዘረጋ። አፒሳሎሜ በጭራሽ ሰው ፊት የሚጨፍር ሰው አይደለም። ቀስ ብሎ ተነሳ። ረጅሙን ሸሚዙን ከላይ ገለጥ አደረገ።

ሽርጡ በቀበቶ ታስሯል። ከቀበቶው ላይ በመርከብ ገመድ ታስሯል። ከገመዱም ላይ በመምህሩ ከረባት ታስሯል፤ መምህሩ ያለ ከረባት ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ፊቱን ቅንጣት ሳያላላ፣ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ከዚያ መጨፈር ጀመረ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ሰሌኑን እየደበደቡ ሳቁ፣ አንዱማ ሲያስለው ውኃ አመጡለት። መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል። ቪሊሞኒ መሬት ላይ ተቀምጧል። የሙሽራው ወገኖች ምንም ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እኔ ግን ወንድሜ ላይ አልስቅም፣ ወግ ነው። ሻሼን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩና በጓሮ በር ወጣሁ፣ ማድቤቱ ጀርባ ድንች ከረጢት ላይ ተቀምጬ እንባዬ ደረቴ ላይ እስኪወርድ ሳቅሁ። ዲሬንድራ እናቱን ይዞ መጥቶ ነበርና ምን ሆኑ ብሎ ተከትሎኝ ወጣ። ምንም ልነግረው አልቻልኩም፣ ለሠርጉ ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን አበባ አውልቄ ጆሮው ላይ ሰካሁለት።

እንግዶቹ በመርከቧ ተመለሱ። ወንድሜ ሲሳፈር እኔ ቢሮዬ ውስጥ ነበርኩ፣ እሱም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ነበር የቆመው። ሰኞ ላይ ቁርሴን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ እሱ ያመጣውን ጎደሬ ልቆርስ ስል መስኮቱ ብቅ አለ።

«ለቢሮው፦ ሁላችንም በሰላም ገብተናል። ሠርጉ አምሮ ነበር። ቢሮው ከስቶ አይተነዋል። ቢሮው ምግብ ይብላ።»

አይተነዋል ይላል። ያን ሁሉ ሰዓት ዓይኑን ከሰሌኑ ላይ ያላነሳው ሰውዬ።

መነጽሬን ጠረግሁ። አበባው የት እንዳለ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ወንድሜ መስኮት ላይ ነው። ጎደሬውን በግራ እጄ ይዤ፣ በቀኜ ጻፍኩለት፦

«ለመንደሩ ሹም፦ ቢሮው እየበላ ነው።»